ከሰኔ እስከ ኅዳር፦ ያነበብኩት፣ የፈተልኩት፣ የተረተርኩት

ሰኔ ሲገባ የሳሎናችን ጥግ እንዲህ ነበር፦ አንድ እጅጌ የቀረው የሕፃን ሹራብ፣ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት፣ በፌስታል ታስሮ የተረሳ ጥጥ፣ መሃላቸው ላይ የፋርማሲ ደረሰኝ የተሰካባቸው ሦስት መጻሕፍት። ደረሰኙ የደረስኩበትን ገጽ ማስታወሻ ነው። የአንዱን ቀን ሳየው የካቻምና ሆኖ አገኘሁት። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ግን እንግዳ ሊመጣ ሲል ጥጉን በአንሶላ መሸፈን ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ክረምቱን አዲስ ነገር ላልጀምር ለራሴ ቃል ገባሁ። አሁን ኅዳር ነው፤ አንሶላው ወደ አልጋው ተመልሷል። የሆነውን የምጽፈው መጽሐፍና የእጅ ሥራ አንድ ላይ አልሄድ ላላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ከአያታችሁ ቤት እንዝርት አምጥታችሁ ምን እንደምታደርጉት ግራ ለገባችሁ ነው። ባለሙያ አይደለሁም። ቀን ቀን ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ክር የምነካው ማታ ነው።

ከጥጡ ልጀምር፤ ብዙ ስህተት የሠራሁት እዚያ ላይ ነውና። ዓምና መርካቶ ሄጄ 1 ኪሎ ጥጥ ከነፍሬው ገዛሁ። ርካሽ መስሎኝ። የጥጥ ክብደት ግን አብዛኛው ፍሬው ነው፤ ተዳምጦ ሲያልቅ የሚተርፈው ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም። የኔው በወጥ ቤት ሚዛን 350 ግራም ገደማ ወጣ። መዳመጡስ? ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ማስቀመጥ፣ ቀጭን ብረት በላዩ ማንከባለል፤ ፍሬው ከፊት እየተፈናጠረ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ሲያዩት ቀላል ነው። ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን በላብኝ፣ ፍሬውን እስከ ዛሬ ከሶፋው ሥር እየለቀምኩ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ የተዳመጠ ጥጥ ግዙ። መዳመጥን ማወቅ ጥሩ ነው፤ አንድ እፍኝ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥፋቴ አቀማመጡ ነው። የለፋሁበትን ጥጥ በፌስታል አስሬ መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ ወሸቅሁት። ሰኔ ላይ ስከፍተው የሻገተ ዳቦ ሸተተኝ። ደግነቱ ገና አልጠቆረም ነበር። ሰፌድ ላይ በትኜ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታሁት፤ የሰኔ ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ፣ ደመና ባየሁ ቁጥር ሰፌዱን ይዤ እሮጥ ነበር። ጥጥ አየር ይፈልጋል። አሁን በአሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

የግቢያችን እማማ ባይኖሩ ኖሮ ይህ ጥጥ የትራስ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ትራስ ሆኖ ይቀር ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ትውልዳቸው መንዝ ነው፤ ልጅ ሆነው ባና እና ዝተት ለሚባሉት የሱፍ ብርድ ልብሶች የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተሉ አደጉ። ጥጥ እጃቸው የገባው ኋላ ነው፣ አዲስ አበባ ትዳር ይዘው ሲመጡ። ስለዚህ የሁለቱን ልዩነት ከእጃቸው ያውቁታል። "የበግ ፀጉር ረጅም ነው፣ ቅባትም አለው፣ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል፤ ብትስቺም ይምርሻል" አሉኝ። "ጥጥ ግን አጭር ነው። አጭር ነገር ትዕግሥት ይፈልጋል።" እውነታቸውን ነው። አንዱን ጭረት ነጥዬ በማስመሪያ ለካሁት፤ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። እንዲህ ያለውን አጭር ነገር ለሜትሮች የሚያያይዘው ግምዱ ብቻ ነው።

ጥጤን አገላብጠው አዩና "ይኼማ አልተነደፈም" አሉ። መንደፍ ማለት የደጋኑን ጅማት ጥጡ ላይ እያስነጠሩ ጓጓላውን መበተን ነው። ደጋን የለንም። በእጃችን አባዘትነው፦ ቆንጥሮ መዘርጋት፣ እንደገና ማነባበር፣ እንደገና መዘርጋት፤ አየር ሞልቶበት እስኪነፋ ድረስ። ከዚያ በመዳፍ ላላ አድርጎ መጠቅለል፤ የጣት ውፍረት፣ የአንድ ስንዝር ርዝመት። ባዘቶ የሚባለው ይህ ነው። እኔ ከዚህ በፊት በቀጥታ ከጓጓላው ነበር ለመፍተል የምታገለው። ለካ የመፍተሉ ግማሽ ያለቀው እንዝርት ሳይነሳ ነው። ባዘቶው ውስጥ አንዲት ጠጣር እንክብል ከቀረች፣ እዚያ ቦታ ላይ ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል።

እንዴት እንደሚፈትሉ ለብዙ ቀን ተቀምጬ አይቻለሁ። በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ፣ የእንዝርቱን ዘንግ ጭናቸው ላይ አስተኝተው በቀኝ መዳፋቸው ወደ ጉልበታቸው ያንከባልሉታል። መዳፉ ሲለቀው እንዝርቱ አየር ላይ ይሾራል። በዚያችው ቅጽበት ባዘቶውን የያዘው ግራ እጃቸው ወደ ላይ ይሸሻል፤ እስከ ግንባራቸው፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከጣታቸው ሥር ክር ይወለዳል። እኔ ዓይኔን ያሳረፍኩት ቀኝ እጃቸው ላይ ነበር፤ የሚሠራው እሱ መስሎኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ "ምን ታያለሽ? እሱማ ሕፃን ልጅም ያዞረዋል። ግራዬን እዪ" አሉኝ። ግራ እጃቸው ባዘቶውን አይጨብጥም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል አስቀምጠውታል ማለት ይቀላል። እኔ እጨምቀዋለሁ። የተጨመቀ ጥጥ አይሳብም፤ ስለማይሳብ ጎትታለሁ፤ ስጎትት ይበጠሳል፤ ሲበጠስ እናደዳለሁ፤ ስናደድ የባሰ እጨምቀዋለሁ። አንድ ወር ሙሉ በዚህ ዞርኩ። የሚያልበኝ ጣት ሲያስቸግረኝ አመድ ነካ አድርጌ እንድሠራ ነግረውኛል፤ እኔ የሕፃን ፓውደር ነው የተጠቀምኩት፣ ያው ነው።

የተማርኳቸውን ሁለት ነገሮች በደንብ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ግምዱ ባዘቶው ውስጥ ዘልቆ ከገባ ጥጡ ይቆለፋል። ያኔ ጉልበት አይሠራም። እንዝርቱን በጉልበት መሃል ያዝ አድርጎ፣ የወፈረውን ቦታ በሁለት እጅ ጣት ወደ ተቃራኒው ትንሽ ፈታ ማድረግ፤ ጥጡ ራሱ ይንሸራተትና ይሳሳል። ከዚያ እንደገና ማክረር። ሁለተኛ፣ ሲበጠስ አትቋጥሩ። ቋጠሮ ከተሸመነ በኋላ በጨርቁ ፊት ላይ ብጉር ሆኖ ይወጣል። የተበጠሰውን ጫፍ በጥፍር በተን አድርጎ፣ አራት ጣት ያህል ባዘቶው ላይ አነባብሮ፣ ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ ይያያዛል። እማማ ሲቀጥሉ የቱ ጋ እንደቀጠሉት ራሳቸውም አያገኙትም። የኔ ግን ከሩቅ ይታያል፤ ቢሆንም ቋጠሮ አይደለም።

ፍጥነቴን ለካሁት፣ ሙያዬ አይለቀኝምና። በሰዓት 9 ግራም ገደማ። ማታ ማታ 45 ደቂቃ ያህል ስሠራ ቆይቼ፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ 300 ግራም ሞላ። እማማ ይህን ያህል በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቄያቸው ስቀው ዝም አሉኝ።

ማታ ሁሉ ግን አይፈተልም። ሐምሌ ላይ በ12 ቀን እንዝርቴን ይዤ ደጃፋቸው ስቀመጥ "ዛሬ ሚካኤል አይደለም እንዴ?" አሉ። አስቀመጥኩት። በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 ባለወልድ። ቅዳሜና እሑድን ሳንቆጥር። የእሳቸውን ዝርዝር ከቀን መቁጠሪያዬ ጋር ሳስተያየው ከወሩ ግማሽ ያህሉ እንዝርት የማይነካበት ነው። እኔ እንደ እሳቸው ጠንቃቃ አይደለሁም፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። ታዲያ እሳቸው ፈትልን የሚንቁ አይደሉም። "ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል አልነበረም?" ይሉኛል። በየቤተ ክርስቲያኑ የብሥራት ሥዕል ላይ እንዝርቱ እጇ ላይ አለ፤ እስኪነግሩኝ ድረስ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

እነዚያ የተከለከሉ ቀናት ናቸው ንባቤን የመለሱልኝ። ከዚያ በፊት ማታ ሲሆን "ላንብብ ወይስ ልሥራ?" እያልኩ ስልኬን ስነካካ አራት ሰዓት ይሆን ነበር። አሁን ቀኑ ይወስንልኛል። የበዓል ማታ መጽሐፍ፣ የሥራ ቀን ማታ እንዝርት። የዚህ እምነት ተከታይ ባትሆኑም አንድ ነገር ቀኑን እንዲቆርጥላችሁ አድርጉ፤ እኔ ለራሴ ስተወው ሁለቱንም አልሠራም።

መጀመሪያ ያነሳሁት ፍቅር እስከ መቃብርን ነው፤ ያ የካቻምና ደረሰኝ ያለበት። አሳፋሪ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ጨርሼው አላውቅም ነበር። ትምህርት ቤት ከፋፍለው ነው የሚያስነብቡን፤ ታሪኩን ሁሉም ሰው ስለሚያወራው ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ከታተመ ወዲህ የማያውቀው የለም፤ ለብዙ ሰው ግን የገባው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው። እማማ ከእነሱ አንዷ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ሆኖም በዛብህን፣ ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሣን እንደ ዘመድ ነው የሚያነሷቸው። "ያ ጉዱ ካሣ እኮ የተናገረው ሁሉ ደረሰ" ይሉኛል፤ ጎረቤታችን ይመስል።

እናም አንድ ዘዴ ወጣልን። በበዓል ማታ እኔ ከመጽሐፉ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ። በሥራ ቀን ደግሞ የወጋየሁን ትረካ ከስልኬ ከፍቼ ሁለታችንም እንፈትላለን። የኔ ንባብ ከእሱ ጋር ሲወዳደር ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች፣ ማንኩሳ ላይ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ነገር የተተረከበትን፣ አንብቤላቸው ስጨርስ "እሱ እንዲህ አልነበረም የሚለው፣ ቀስ በይ" ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። ነገር ግን በዛብህ ገና በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን በስለት የተሰጠበት ቦታ ስንደርስ፣ የሥራ ቀን ነበር፣ እንዝርታቸው ቆመ። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ "እናትየዋን አልፈርድባትም" ብለው ማንከባለላቸውን ቀጠሉ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ያንን ቦታ ዘልዬው ነበር ያለፍኩት።

መፍተልና ማዳመጥ ባልና ሚስት ናቸው። እጅ አንድ ነገር ይደጋግማል፣ ዓይን ሥራው ላይ ነው፣ ጆሮ ግን ሥራ ፈት ነው። ይህን ሳገኝ ሹራቡም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ተሳሳትኩ።

ሹራቡ የእህቴ ልጅ ነው። ሚኒሶታ ነው ያሉት፤ ክረምቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ የሚገርማቸው የለም። እህቴ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፣ "ማሽን ውስጥ የሚገባ ይሁን"። ንጹህ የበግ ሱፍ በሙቅ ውኃ ማሽን ውስጥ ቢገባ ተኮማትሮ የአሻንጉሊት ልብስ ይሆናል፤ ሕፃን ያላት ሴት ደግሞ በእጅ ልታጥብ አትችልም። ስለዚህ አክሪሊክ ክር ገዛሁ። ባለ ሱፉ ይሻል ነበር የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ቆንጆ ሹራብ ለማንም አይሞቀውም።

መለኪያው ላይ የሠራሁት ነገር ሲነገር የሚያሳፍር ነው። ዲዛይኑ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 22 ቀለበት ይላል። መሞከሪያ ካሬ መሥራት ሰነፍኩና፣ ዙሪያው 60 እንዲሆን 132 ቀለበት መርፌው ላይ አንስቼ ገባሁበት። እጄ ላላ ይላል፤ ለካ በ10 ሳንቲ ሜትር የሚወጣኝ 20 ብቻ ነው። 132 ሲካፈል ለ20፣ 6.6። ዙሪያው 66 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቁጭ አለ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ። አልተረተርኩትም፤ ልጅ ያድጋል ብዬ ተጽናናሁ። እናንተ ግን 12 ሳንቲ ሜትር በ12 የሆነች ካሬ ሥሩ፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ መሃሉን 10 ለኩ። ጠርዙን አትለኩ፣ ይዋሻል። ከዲዛይኑ ያነሰ ቀለበት ከወጣላችሁ በቀጭን መርፌ ሞክሩ፤ በግድ እጃችሁን ለማጥበቅ አትሞክሩ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትረሱታላችሁ።

ትከሻው ላይ ስደርስ ክሩ ሊያልቅ ተቃረበ። የገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ፤ ሻጩ "ያው ነው፣ አንድ ዓይነት ነው" ብሎ ምሎ ሸጠልኝ። በሱቁ መብራት ያው ነበር። ቤቴ በቀን ብርሃን ሳየው አንዱ ወይን ጠጅ ነው፣ ሌላው ወደ ቡና የሚያደላ። ክር በዙር ነው የሚቀለመው፤ በወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ጎን ሌላ ትንሽ ቁጥር አለች፣ የተቀለመበት ዙር ናት። እሷ ካልተመሳሰለች ቀለሙ አይመሳሰልም። በሻጩ ተናድጄ ነበር፤ ቁጥሯን ያላየሁት ግን እኔ ነኝ። መፍትሔው ይኸው ነው፦ አሮጌው ሳያልቅ፣ ሁለት ረድፍ በአሮጌው ሁለት ረድፍ በአዲሱ እያቀያየራችሁ አሥር ረድፍ ያህል ሥሩ። ዓይን ልዩነቱን የሚይዘው ድንበር ሲያይ ነው። እህቴ እስካሁን አላወቀችም፤ ይህን ካነበበች አወቀች።

እጅጌው ላይ ነው እንግዲህ ጆሮና ቁጥር የተጋጩት። እጅጌ ወደ ክንድ ሲወርድ በየስድስት ረድፉ ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ቀለበት ይቀነሳል። እኔ ትረካውን ከፍቻለሁ። ጉዱ ካሣ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር ክርክር ይዟል፤ እጄ ይሄዳል፣ ቁጥሩ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። ስነቃ እጅጌው ባንድ በኩል ተንሸራቶ በሌላው ቀጥ ብሎ ቆሟል። 14 ረድፍ ተረተርኩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፤ 8 ረድፍ። ከዚያ በኋላ ለየሁት፦ ቁጥር የሌለበት ረድፍ፣ ሹራቡ ዝም ብሎ የሚዞርበት የደረቱ ክፍል፣ ከትረካ ጋር ይሄዳል። ቅነሳ፣ አንገት፣ ማንኛውም ጥለት በጸጥታ ነው የሚሠራው። ወረቀት ላይ በየረድፉ ሰረዝ ማድረግ ጀመርኩ፤ ሒሳብ ማሽኑን ቢሮ ትቼ ሰረዝ በእርሳስ።

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እያነበብኩ ለመሥራትም ሞክሬያለሁ። ይቻላል፣ ገጹን በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ከያዛችሁት። ግን መጽሐፉ የሚፈቅድ መሆን አለበት። ሁለተኛው መጽሐፌ ኦሮማይ ነበር፣ የበዓሉ ግርማ። ከቀይ ኮከብ ዘመቻው አሥመራ ጋር ሹራብ አይሠራም! መቆንጠጫውን ለመቀየር ትዕግሥት አጣሁ፣ መርፌውን ወረወርኩት፣ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ጨረስኩት። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ጸሐፊው ደግሞ በ1976 እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ መሆኑን እያወቁ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱን ገጽ ሲገልጡ ሰውየው ይህን ሲጽፍ ምን አስቦ ይሆን ይላሉ። በማግስቱ ቢሮ ደንዝዤ ዋልኩ። ሦስተኛውን መጽሐፍ ገጽ 60 ላይ ተውኩት። ስሙን አልጠራም፣ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙን አውጥቼ ለሰው ሰጠሁት፣ ቀለለኝ።

አሁን ወደ ፈትሉ ልመለስ፤ በሹራብ መርፌ የሞከርኩትን ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከ300 ግራሙ 60 ግራም ወስጄ "በራሴ ጥጥ የፊት ጨርቅ እሠራለሁ" አልኩ። ነጠላውን ክር እንደ ወረደ ከእንዝርቱ ወስጄ ጀመርኩ። ካሬ ነበር ያሰብኩት። አሥረኛው ረድፍ ላይ ጎኑ ዘመም አለ፣ ሃያኛው ላይ እንደ ተገፋ በር ሆነ። ቀለበት የጨመርኩ መስሎኝ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ልክ ነው። ምክንያቱ ክሩ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የከረረ ክር ውስጡ ለመፈታት የሚታገል ጉልበት አለው፣ እያንዳንዱ ቀለበት ጥቂት ጥቂት ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ሲሸመን ይህ አይታይም፤ ድርና ማጉ ተሰናስለው ይያዛሉ። ሹራብ ግን ልል ነው፣ የሚይዘው የለም።

ስለዚህ ተረተርኩትና ሁለት ልቃቂት አድርጌ አጋመድኩት። ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው፤ ስትፈትሉ እንዝርቱ ወደ ቀኝ ዞሮ ከሆነ፣ ሁለቱን ስታጋምዱ ወደ ግራ ይዙር። ያኔ የአንዱ ትግል የሌላውን ያጠፋዋል፤ ክሩን አጥፋችሁ ብትለቁት ሳይጠመዘዝ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። መፈተኛው ይህ ነው። ቀጥሎ በድስት ውኃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና ጨምሬ አንድ ሰዓት ያህል ቀቀልኩት። ነጭ ነው ያልነው ጥጥ ውኃውን ሻይ አስመሰለው። የደነገጥኩት ድንጋጤ! ለካ ጥጥ ከላዩ ተፈጥሯዊ ሰም አለው፤ የሚወጣው እሱ ነው። ሰሙ እስካለ ውኃ አይጠጣም፤ ከተቀቀለ በኋላ ግን ጠብታ ስታሳርፉበት ወዲያው ይመጠጣል። ድስቱን ለወጥ አትመልሱት፣ ወይም ባለቤታችሁ እንዳያይ አድርጉ።

የፊት ጨርቁ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጣ፤ ከካሬ ትንሽ ራቅ ቢልም። ደረቅ ነው፣ አይለጠጥም። ከእጅ ፈትል ኮፍያ ወይም ካልሲ ልሠራ ለምታስቡ ይህን እወቁ፤ ጥጥ እንደ ሱፍ ተለጥጦ አይመለስም፣ ኮፍያው በሳምንቱ ጆሮ ላይ ይወርዳል።

የቀረው 240 ግራም ለአባቴ ጋቢ ነበር የታሰበው። ለጋቢ አይበቃም፣ የትም አይደርስም። እማማ ባለፉት ዓመታት ፈትለው ያስቀመጡትን ልቃቂት ከሙዳያቸው አውጥተው ጨመሩልኝ። ገንዘብ ልክፈል ብል ተቆጡ። "አባትሽ ቡና የጠጡልኝ ሰው ናቸው" አሉ፤ አንድ ጊዜ፣ ፋሲካ ዕለት። ሁሉንም ይዘን ሽሮ ሜዳ ሄድን።

ሸማኔው የጋሞ ሰው ናቸው፣ ከጨንቻ አጠገብ ካለው ከዶርዜ የመጡ፤ አባታቸውም እዚያው ሠፈር ሸማኔ ነበሩ። ድሩ የፋብሪካ ክር እንደሚሆን ቀድመው ነገሩኝ፤ ድር ተወጥሮ ስለሚውል የእጅ ፈትል ብዙ ጊዜ አይችለውም፣ ይበጠሳል። የእጁ ፈትል ማግ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ጋቢውን የሚያለሰልሰውና የሚያሞቀውም እሱ ነው። ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ አነሱ። ከየልቃቂቱ አንድ ክንድ ያህል መዝዘው በጣታቸው መሃል አሳለፉት። የእማማን ሲይዙ ምንም አላሉም። የኔን ሲይዙ ጣታቸው ቆመ፣ ትንሽ ሄደ፣ እንደገና ቆመ።

"ይኼን ማን ፈተለው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

እማማን አዩ፣ እማማ ጣሪያውን አዩ።

"መጥፎ አይደለም" አሉ በትህትና። "ጋቢ መቼም አራት እጥፍ ነው። ይኼን ወደ ውስጥ እናደርገዋለን።"

በሦስተኛው ሳምንት ወሰድኩት። ለአባቴ ስሰጠው በሁለት ጣቱ ጠርዙን ፈተገና "የቱ ጋ ነው ያንቺ?" አለኝ። ውስጥ ነው አልኩት። እሱ ግን አሁን የሚለብሰው ገልብጦ አጥፎ ነው፣ ጉብጉቡ በውጭ እንዲሆን፤ ሰው ሲጠይቀው ልጄ ናት ለማለት። እማማ ይህን ሲሰሙ "ሸማኔው እንዳያየው" ብለው ሳቁ።

የሹራቡ ሁለተኛ እጅጌ 20 ረድፍ ቀርቶታል፣ ሰረዞቹ በእርሳስ ተይዘዋል። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ወደ ሚኒሶታ የምትሄድ የሥራ ባልደረባ ስላለች እስከዚያ ያልቃል። በፌስታል ያሰርኩት ጥጥ ግን የለም፤ መርካቶ ሄጄ ሌላ ግማሽ ኪሎ ገዝቻለሁ። የተዳመጠ።